ጉልበተኛውን መኪና ነዳጅ በሚቆጥብ መለወጥ ለቁም እንስሳት ነጋዴ መቼ ያዋጣል?

ከቦረና እስከ ሞጆ፣ ከጅግጅጋ እስከ አዳማ በተዘረጋው የቁም እንስሳት ንግድ መስመር የነዳጅ ዋጋ በጨመረ ቁጥር አንድ ጥያቄ ተመልሶ ይነሳል። ነጋዴው ከገበያ ገበያ የሚመላለስበትን ባለ ስምንት ሲሊንደር መኪና፣ በተለምዶ «ቪ ኤይት» የሚባለውን፣ ሸጦ ነዳጅ የሚቆጥብ ፒካፕ ቢገዛ ይሻለዋል ወይስ ባለው መቀጠል?

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። በኢትዮጵያ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ መነሳት ሲጀምር፣ በ2014 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ፣ በአዲስ አበባ የአንድ ሊትር ናፍታ ዋጋ ከ35 ብር ከ43 ሳንቲም ወደ 49 ብር ከ2 ሳንቲም ከፍ አለ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ገባ፤ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ዋጋው እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በኬንያ በኩልም እ.ኤ.አ. በ2023 አጋማሽ በነዳጅ ላይ የሚጣለው የተጨማሪ እሴት ታክስ ከ8 ወደ 16 በመቶ አድጓል። በሁለቱ ሞያሌዎች መካከል የሚመላለስ ነጋዴ ጭማሪውን በሁለቱም ወገን ይከፍላል።

ይሁን እንጂ «ነዳጅ ተወደደ፣ ስለዚህ ትንሽ መኪና ይሻላል» የሚለው ድምዳሜ ሁልጊዜ ልክ አይሆንም። ልውውጡ የሚያተርፈው ነጋዴ አለ፤ የሚያከስረውም አለ። ልዩነቱን የሚወስኑት በዓመት የሚነዳው ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ መኪኖች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነትና መኪናው ላይ የታሰረው የንግድ ካፒታል ናቸው።

«በሊትር ስንት ይሄዳል?» የሚያታልልበት ቦታ

በአገራችን የመኪና ነዳጅ አጠቃቀም የሚነገረው በሊትር በሚሄደው ኪሎ ሜትር ነው። አነጋገሩ ለወሬ ይመቻል፤ ለሒሳብ ግን ያሳስታል። ለምሳሌ አንዱ ነጋዴ በሊትር 5 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪናውን 8 በሚሄድ ለወጠ እንበል። ሌላው ደግሞ 10 የሚሄደውን 16 በሚሄድ ለወጠ። የመጀመሪያው ጭማሪ 3፣ የሁለተኛው 6 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ሁለተኛው የበለጠ ያተረፈ ይመስላል።

በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር እንደሚያልቅ ሲሰላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የመጀመሪያው ነጋዴ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 20 ሊትር ይፈጅ ነበር፤ አሁን 12 ሊትር ተኩል ይበቃዋል። የቆጠበው 7 ሊትር ተኩል ነው። የሁለተኛው ከ10 ሊትር ወደ 6 ነጥብ 25 ወረደ፤ የቆጠበው ከ4 ሊትር ያነሰ ነው። ትልቁ ቁጠባ ያለው እጅግ ብዙ የሚጠጣውን መኪና በመጠኑ በሚሻል በመለወጥ ላይ ነው። መጠነኛ የሆነውን እጅግ ቆጣቢ በሆነ መለወጥ ያን ያህል አያተርፍም። ስለዚህ ቪ ኤይት ያለው ነጋዴ የግድ ትንሿን የከተማ መኪና መፈለግ የለበትም። ባለ አራት ሲሊንደር የናፍታ ፒካፕ አብዛኛውን ቁጠባ ያመጣለታል።

መለካት ይቀድማል

ሻጭም ሆነ ጓደኛ የሚናገረው የነዳጅ መጠን የዚያ መንገድ፣ የዚያ ጭነትና የዚያ እግር ነው። የራስን ማወቅ ቀላል ነው። ታንኩን ሙሉ መሙላት፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን መጻፍ፣ እንደወትሮው መንዳት፣ ከዚያ በዚያው ማደያ ቢሆን ይመረጣል፣ እንደገና ሙሉ መሙላት። ሁለተኛ ጊዜ የገባው ሊትር ለተነዳው ኪሎ ሜትር ተካፍሎ በ100 ሲባዛ የመኪናው እውነተኛ ፍጆታ ይታወቃል። አንድ ጊዜ ለክቶ መተው አይበቃም። በአስፋልቱ፣ በገበያ ዙሪያ ባለው ኮረኮንችና በከተማ ውስጥ ለየብቻ መለካት ያስፈልጋል።

የዓመቱን ወጪ ለማግኘትም ማስታወስ አያስፈልግም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ማደያዎች ክፍያ በቴሌብርና በሌሎች ዲጂታል መንገዶች እንዲሆን ስለተደረገ፣ የነጋዴው ስልክ የዓመቱን የነዳጅ ግዢ ይዞለታል። እሱን አውጥቶ መደመር የአንድ ማታ ሥራ ነው። በጀሪካን ከመንገድ ዳር የተገዛው ግን ለብቻው መጨመር አለበት፤ ዋጋውም ከማደያው ስለሚበልጥ ሒሳቡን ይለውጣል።

አንድ ምሳሌ፦ ከሞጆ እስከ ሞያሌ

መቀመጫው ሞጆ የሆነ፣ ከቦረና ከብት እየገዛ ለማደለቢያና ለቄራ የሚያቀርብ ነጋዴ እንውሰድ። ከሞጆ እስከ ሞያሌ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልሱ 1,400፣ በገበያዎቹ ዙሪያ የሚነዳው 200 ቢሆን አንዱ ጉዞ 1,600 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በወር ሁለት ጊዜ ከተጓዘና በከተማ 300 ኪሎ ሜትር ከነዳ ወርሃዊው 3,500 ነው። ገበያ የሚቀዘቅዝባቸውን ወራት ቀንሰን በዓመት 10 ወር ይሠራል ብንል 35,000 ኪሎ ሜትር ይነዳል።

ቪ ኤይቱ በሊትር 6 ኪሎ ሜትር፣ ፒካፑ 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ ብለን እናስብ። ቪ ኤይቱ በዓመት 5,833 ሊትር፣ ፒካፑ 3,500 ሊትር ይፈጃል። ልዩነቱ 2,333 ሊትር ነው። ለሒሳብ እንዲቀል ሊትሩን በ100 ብር ካሰብን የዓመቱ ቁጠባ 233,300 ብር ይሆናል። ዋጋው 130 ብር ከሆነ ቁጠባው ወደ 303,300 ብር ያድጋል። አንባቢው በዕለቱ ባለው የአካባቢው ዋጋ ማባዛት ይችላል።

በአንጻሩ አዳማ ተቀምጦ በአካባቢው ገበያ ብቻ የሚሠራ፣ በዓመት 10,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ነጋዴ፣ በእነዚያው ሁለት መኪኖች የሚቆጥበው 66,700 ብር ገደማ ነው። መኪናዎቹ አንድ ዓይነት ሆነው ሳለ መልሱ በባለቤቱ ሥራ ይለያያል።

ሦስት ዓይነት ልውውጥ

ቁጠባው ሲታወቅ ቀጥሎ የሚመጣው የልውውጡ ወጪ ነው። የደላላ ኮሚሽን፣ የስም ማዛወሪያ፣ የመካኒክ ምርመራ፣ አዲስ ለገባው መኪና የመጀመሪያ ሰርቪስና ብዙውን ጊዜ አራት ጎማ። ከዚህ በታች ያሉት የመኪና ዋጋዎች ለማሳያ የተቀመጡ ናቸው፤ ስሌቱ ግን በማንኛውም ዋጋ ይሠራል።

የመጀመሪያው ዓይነት እኩል በእኩል መለወጥ ነው። ሁለቱ መኪኖች ዋጋቸው ተመሳሳይ ሆኖ ነጋዴው የሚያወጣው የልውውጥ ወጪውን ብቻ፣ 250,000 ብር ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 6 ብር ከ67 ሳንቲም ስለሚቆጥብ ወጪውን ለመመለስ 37,500 ኪሎ ሜትር መንዳት አለበት። ለሞጆው ነጋዴ ይህ ከአንድ ዓመት ብዙም አያልፍም። ለአዳማው ግን አራት ዓመት ሊሞላ ትንሽ የሚቀረው ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ገንዘብ የሚያወጣ ልውውጥ ነው። ቪ ኤይቱ 9 ሚሊዮን ብር ተሸጦ ፒካፑ በ6 ሚሊዮን ቢገዛ፣ 250,000 ብሩ ተቀንሶ 2,750,000 ብር በእጅ ይገባል። የሥራ ማስኬጃውን በዓመት በ18 በመቶ ወለድ የሚበደር ነጋዴ በዚህ ገንዘብ ብድሩን ቢቀንስ በዓመት 495,000 ብር ወለድ ይቀርለታል። ይህ ከነዳጁ ቁጠባ ከእጥፍ በላይ ነው። ወለድ የማይነካ ነጋዴም ያው ሒሳብ በሌላ መልኩ አለው። አንዱ ወይፈን 55,000 ብር ቢሆን ገንዘቡ 50 ወይፈን ነው። መኪናው ጓሮ ቆሞ ሳለ 50 ወይፈን አብረው ቆመዋል ማለት ነው፤ ልዩነቱ ወይፈኖቹ አይገዙም፣ አይደልቡም፣ አይሸጡም።

ሦስተኛው ገንዘብ የሚጠይቅ ልውውጥ ነው። ነጋዴው ያለው ያረጀ ቪ ኤይት 3 ሚሊዮን ብር ያወጣል፣ የሚፈልገው አዲስ ፒካፕ ደግሞ 5 ሚሊዮን ነው እንበል። ከልውውጥ ወጪው 150,000 ብር ጋር 2,150,000 ብር መጨመር አለበት። በዚያው 18 በመቶ የዓመቱ ወለድ 387,000 ብር ነው። በዓመት 35,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳው ነጋዴ እንኳ የሚቆጥበው 233,300 ብር ስለሆነ ይከስራል። ወለዱን ብቻ ለመሸፈን በዓመት 58,000 ኪሎ ሜትር መንዳት ወይም ናፍታው ሊትሩ 166 ብር ገደማ መግባት ይኖርበታል። አሮጌው መኪና ጋራዥ የሚመላለስ ከሆነና ልውውጡ የጥገና ወጪን በዓመት ከ153,700 ብር በላይ የሚቀንስለት ከሆነ ግን ሒሳቡ ወደ ልውውጡ ያዘነብላል። ስለዚህ የጋራዥ ደረሰኞችም ከነዳጁ ደረሰኝ ጎን መቀመጥ አለባቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር መኪናው ድሮ የተገዛበትን ዋጋ ማስላት ነው። የወተት ላም ያለው አርቢ ላሟን ለማስወገድ ሲወስን የሚጠይቀው «ስንት ገዛኋት?» ብሎ አይደለም። ከዛሬ ወዲያ የምትሰጠው ወተትና የምትበላው መኖ፣ ዛሬ ብትሸጥ ከምታወጣው ዋጋ ጋር ይመዛዘናል። መኪናውም እንደዚያው ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ መመራት ከጀመረ ወዲህ የመኪና ዋጋ በብር ሲቆጠር ከፍ ብሏል። ነገር ግን «መኪናዬ ዋጋ ጨመረ» ማለት ብቻውን ትርፍ አይደለም። የሚተካው መኪናም አብሮ ጨምሯል። የሚቆጠረው ዛሬ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ብድርና ድርቅ

በቁም እንስሳት ንግድ ውስጥ ያለ ሰው ከሌላው ነጋዴ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ገበያው በአንድ ሌሊት ሊዘጋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2000 የሰምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን በታየ ጊዜ ከቀንዱ አገሮች የሚገባው የቁም እንስሳ ታግዶ ነጋዴው ለዓመታት ተጎድቷል። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ቦረና፣ ሶማሌና ሰሜን ኬንያ የከብት መንጋ አልቋል። ከሐጅ ወቅት ውጭ የበግና የፍየል ፍላጎት የሚቀዘቅዝባቸው ወራትም አሉ።

የነዳጅ ወጪ ከሥራው ጋር የሚሄድ ነው። ገበያ ሲቆም ነጋዴው አይነዳም፤ ካልነዳ ናፍታ አይከፍልም። የመኪና ብድር ግን ድርቅ ብሎ፣ እገዳ ብሎ አይጠብቅም። ወርሃዊ ክፍያው ገበያው በተዘጋበት ወርም ይመጣል። ስለዚህ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ብድር የሚገባ ነጋዴ፣ ሲቆም የሚቆመውን ወጪ ሲቆም በማይቆም ወጪ እየለወጠ ነው። ቁጠባው በደህናው ዓመት እውነት ቢሆንም በክፉው ዓመት መኪናውንም መንጋውንም አንድ ላይ ሊያሳጣ ይችላል።

የዚህ ተቃራኒም እውነት ነው። በመኪና ላይ ብዙ ገንዘብ ያሰረ ነጋዴ በድርቅ ጊዜ ለመሸጥ ሲወጣ ሌሎችም ለመሸጥ ወጥተው ያገኛቸዋል። ውድ መኪና ገዢው ጥቂት ስለሆነ ቶሎ አይሸጥም፣ ወይም ዋጋው ይሰበራል። ገንዘብ የሚያወጣው ልውውጥ በደህናው ጊዜ ቢፈጸም የተሻለ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ጉልበቱ የት ያስፈልጋል?

ከሒሳቡ ቀጥሎ የሚመጣው የሥራው ጥያቄ ነው። በአብዛኛው መስመር ከብቱን የሚጭነው አይሱዙ ነው። የነጋዴው መኪና የሚይዘው ሰው፣ መድኃኒት፣ ገመድና ስንቅ ነው። ለዚህ ስምንት ሲሊንደር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ከመሬት ከፍ ያለ ሻንሲና ፎር ዊል ነው፤ በተለይ ጥቁሩ አፈር በክረምት ሲጨቀይ። ጭቃ የሚያወጣው ከባድ ማርሽ፣ ተገቢ ጎማና የነጂው ብልሃት ነው፤ የሞተሩ ፈረስ ጉልበት ብቻ አይደለም። ክብደቱ የበዛ መኪና በጭቃ የበለጠ የሚሰምጥበት ጊዜም አለ።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ከፍታ አንድ አሥረኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ። በአዲስ አበባ ከፍታ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ቱርቦ የሌለው ትልቅ የቤንዚን ሞተር ባለቤቱ ከከፈለበት ጉልበት አምስተኛውን ወይም ከዚያ በላይ አያገኘውም። ቱርቦ ያለው ትንሽ የናፍታ ሞተር ግን አየሩን እየጨመቀ ስለሚያስገባ ያን ያህል አይዳከምም። ናፍታም በሊትር ከቤንዚን ከ10 እስከ 15 በመቶ የበለጠ ኃይል ይዟል።

አንዳንድ ነጋዴዎች ቪ ኤይቱን የማይለቁት በታንኩ ምክንያት ነው። ማደያ በማይታመንበት መስመር ርቆ መሄድ ዋጋ አለውና። ተጨማሪ ታንክ ያለው ላንድክሩዘር 200 በድምሩ 138 ሊትር ይይዛል፤ በሊትር 6 ኪሎ ሜትር ሲሰላ 828 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። 80 ሊትር የሚይዝ ሃይሉክስ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 800 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ልዩነቱ ከሻሸመኔ እስከ ሐዋሳ እንኳን ብዙ የሚያልፍ አይደለም። ወረፋ ላይ ግን አንዱ 138፣ ሌላው 80 ሊትር መፈለግ አለበት።

ቪ ኤይት በትክክል የሚያስፈልገው ነጋዴም አለ። ከባድ ተጎታች የሚስብ፣ ሰባትና ስምንት ሰው ጭኖ በረሃ የሚያቋርጥ፣ ወይም መኪናውን ለሌላ ሥራ የሚያከራይ ከሆነ ጉልበቱ ገቢ ያመጣል። ገቢ የሚያመጣ ጉልበት ወጪ ተብሎ ብቻ ሊቆጠር አይገባውም።

የመኪናው ክብር በገበያ ላይ

በዱብሉቅም ሆነ በባቢሌ ገበያ የነጋዴው መኪና ይናገራል። በዱቤ የሚሰጥ አቅራቢ «ይህ ሰው አቅም አለው» ብሎ ሊያምን ይችላል። ዱቤ ለነጋዴ ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ ክብሩ ባዶ ነገር ነው ብሎ ማለፍ ልክ አይሆንም። ነገር ግን ያው መኪና የሻጩን ዋጋ ሊያስወጣም ይችላል። ደላላው ገዢው ከምን እንደወረደ አይቶ መነሻውን ይጠራል። ጥቅሙና ጉዳቱ የትኛው እንደሚበልጥ የሚያውቀው ነጋዴው ራሱ ነው። የሚጠቅመው ጥያቄ ይህ ነው፦ ዱቤ የሚሰጡት ሰዎች የሚያምኑት መኪናውን ነው ወይስ ባለፉት ዓመታት በቀኑ የከፈለውን ገንዘብ? ለረጅም ጊዜ የታወቀ ነጋዴ መልሱን ያውቀዋል። ገና የሚጀምረው ግን የሚተማመንበት ስም ስለሌለው መኪናው ይበልጥ ሊያሳስበው ይችላል፤ ካፒታሉም ይበልጥ የሚያጥረው እሱ ነው።

በአንድ ከብት ሲሰላ

የንግዱ ትርፍ የሚለካው በአንድ እንስሳ ስለሆነ የነዳጁን ቁጠባ ወደዚያ ማውረድ ይጠቅማል። የሞጆው ነጋዴ በአንድ ጉዞ 40 ከብት፣ በዓመት በ20 ጉዞ 800 ከብት ቢገዛ 233,300 ብሩ ለአንድ ከብት 292 ብር ገደማ ይደርሳል። ፍየል ነጋዴ ሆኖ በአንድ ጉዞ 200፣ በዓመት 4,000 ቢገዛ ለአንዷ ፍየል 58 ብር ነው።

ይህን ከሌላ ወጪ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። በረጅም የመኪና ጉዞ ከብት ከክብደቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። 250 ኪሎ የሚመዝን ወይፈን የጉዞ ክብደት ቅናሹ በአንድ መቶኛ ብቻ ቢሻሻል 2 ኪሎ ተኩል ይተርፋል። በቁም ኪሎው 200 ብር ቢሸጥ 500 ብር ነው፤ ከነዳጁ ቁጠባ ይበልጣል። ከመጫኑ በፊት ማሳረፍና ውኃ ማጠጣት፣ አጣብቆ አለመጫን፣ በቀን ሐሩር አለመጓዝ፣ ኬላ ላይ የሚባክነውን ሰዓት የጤና ወረቀት አስቀድሞ በማሟላት ማሳጠር መኪና መለወጥ አይጠይቁም። ነጋዴው ጊዜና ሐሳብ የሚያውልበትን ቢመርጥ፣ አይሱዙው ላይ ያለው ኪሳራ ከራሱ መኪና ታንክ ይልቅ ቅድሚያ የሚገባው ሊሆን ይችላል።

በዚያው መኪናም ሳይሸጥ የሚቆጠብ ነዳጅ አለ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር መንዳት ከ80 ጋር ሲነጻጸር የአየሩን ግፊት ከግማሽ በላይ ይጨምራል። ነፋስ የጎደለው ጎማ፣ ባዶውን የሚዞር የጣሪያ ሻንጣ መጫኛ፣ ገበያ ዳር ኤር ኮንዲሽነር ተከፍቶ የሚሠራ ሞተር ሁሉም ይጠጣሉ። እነዚህን በማስተካከል ቪ ኤይቱ 10 በመቶ ቢቆጥብ በዓመት 58,000 ብር ገደማ ነው፤ ያለ ደላላ፣ ያለ ስም ማዛወር።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና

በጥር 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ እንደምታግድ ካስታወቀች በኋላ ብዙ ሰው ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ተመልክቷል። በከተማ ውስጥ ለሚነዳ፣ ቤቱ መሙላት ለሚችል ነጋዴ የሚታሰብ ነው። ነገር ግን ሙሉ ሥራው ቦረና ወይም ኦጋዴን ለሆነ ሰው በመንገዱ ላይ የሚሞላበት ቦታ እስኪኖር ድረስ ዋና መኪናው ሊሆን አይችልም። ይህ ውሳኔ ሌላም ውጤት አለው። በነዳጅ የሚሠራ አዲስ መኪና ማስገባት ሲጠብ በአገር ውስጥ ያለው፣ በተለይ ለገጠር መንገድ የሚሆነው ፒካፕ፣ ይፈለጋል። ቪ ኤይት ሸጦ ፒካፕ የሚገዛ ሰው የሁለቱን ዋጋ በአንድ ሳምንት ውስጥ አስጠይቆ መወሰን አለበት። አንዱን ሸጦ ሌላውን ሲፈልግ ወር የቆየ ሰው የልውውጡን ትርፍ በመጠበቅ ሊጨርሰው ይችላል።

ከመወሰን በፊት

ከላይ የተባለው ሁሉ ወደ ጥቂት ጥያቄዎች ይጠቃለላል።

1. ባለፉት 12 ወራት ስንት ኪሎ ሜትር ተነዳ? ከ15,000 በታች ከሆነ የነዳጅ ቁጠባ ብቻውን ልውውጥን አያስፈልገውም።

2. ያለው መኪና በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር ይፈጃል? የሚገዛውስ በተመሳሳይ መንገድ ተለክቷል? ለመፈተሽ የሚሰጥ መኪና ካለ በአስፋልትም በኮረኮንችም መንዳት ይገባል።

3. ልውውጡ ገንዘብ ያወጣል ወይስ ይጠይቃል? የሚያወጣ ከሆነ ገንዘቡ ወዲያው ወደ ንግዱ የሚገባበት ዕቅድ ይኑር። ወደ ሌላ ዕቃ ከሄደ ከሁለቱ ጥቅሞች ትልቁ ይጠፋል።

4. የሚጠይቅ ከሆነ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከብድር ከሆነ ገበያው ስድስት ወር ቢዘጋ ወርሃዊ ክፍያው በምን ይከፈላል? መልስ ከሌለ ልውውጡ ይቆይ።

5. የሊብሬው ስምና የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር ይመሳከራል? እዳ ወይም እገዳ የለበትም? ይህ ሳይጣራ ቀብድ አይሰጥም።

6. የሚገዛው መኪና መለዋወጫ በያቤሎ፣ በነገሌ ወይም በጅግጅጋ ይገኛል? ቆጣቢ ሆኖ ለአንድ ኖዝል አዲስ አበባ የሚያስኬድ መኪና፣ በገበያ ቀን ከቆመ፣ የወሩን ቁጠባ በአንድ ቀን ያስመልሳል።

ብዙ የሚነዳ፣ ውድ ቪ ኤይት ያለውና የሥራ ማስኬጃ የሚያጥረው ነጋዴ ልውውጡን ባዘገየ ቁጥር ያጣል። ጥቂት የሚነዳ፣ አሮጌ ግን ጤነኛ መኪና ያለውና ለአዲሱ መበደር ያለበት ነጋዴ ደግሞ ባለው ቢቀጥል፣ ፍጥነቱን ቢቀንስና ጎማውን ቢያስነፋ ይሻለዋል። በመካከል ያለው ብዙኃኑ ነጋዴ ግን የዓመቱን የነዳጅና የጋራዥ ደረሰኝ ደምሮ፣ የሁለቱን መኪና የዛሬ ዋጋ አስጠይቆ፣ በራሱ ቁጥር ማስላት አለበት። የጎረቤት ልውውጥ የጎረቤት ሒሳብ ነው።